ላርፍ ነው

«በነሐሴ ላርፍ ነው» ብላት ለጓዴ፣ ደረጃ ላይ አግኝቻት፣
ብርቱካኗ ተንከባሎ ወረደ፣ ከረጢቱ አምልጧት።
«ክፉ አይንካሽ!» አለች፣ ደረቷን ይዛ፣
«ምን አገኘሽ? ፊትሽ እንደሁ ደህና ነው፣ እንደ ወትሮው የወዛ።»

ምን ላድርግ፤ ቋንቋችን ለዕረፍት አንድ ቃል ብቻ ሰፍቶለት፣
ከሥራ የተፈታውንም ከዓለም የተፈታውንም «አረፈ» ይላል በድፍረት።
«ባሕር ዳር ነው የምሄደው።» «ባሕር ዳር? ጣናው ዘንድ?»
«አይደለም፤ የግሪክ ደሴት፣ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ።»

ሊአት ናት ያገኘችው፣ ስልኳን እያሸች በጣቷ፤
«ኮስ ይባላል» ስትል፣ ሳቀ አባቷ፦
«ከኮሶ ሸሽቼ፣ በስንት መከራ ኪኒን ካለበት አገር ገብቼ፣
አሁን ደግሞ ኮስ ልሂድ? ያውም በገዛ ገንዘቤ፣ ትኬት ገዝቼ?»

ደምለው እንዲህ ነው፤ ቀልዱን ሲጨርስ ነው ሒሳቡን የሚጀምረው፤
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ጣቱን እየላሰ ሲደምረው፣
በአሥር ወር ክፍያ፣ ሻንጣ ሳይጨምር፣ ቁርስ ጨምሮ፣
«ባሕር እኮ እዚሁ አለ» ይላል፣ «ናታንያ፣ በነጻ፣ ከፌርማታው ዞሮ።»

እውነቱን ነው፣ አለ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ከሆቴሉ ስድስተኛ ፎቅ፣ በመስታወት፣
እኔ ከወዲህ ስወለውለው፣ እሱ ከወዲያ ሲያንጸባርቅበት።
የእንግዶቹን አሸዋ ከገንዳ ጠርጌያለሁ፣ ቢከመር ኮረብታ፣
ፎጣ በዝይ ቅርጽ አጥፌያለሁ ጠዋት ማታ፤
እግሬን ግን ጨው ውኃ የነካው ሁለቴ ነው፣
አንዴ ሊአትን ባረገዝኩ ሰሞን፣ አንዴ ጫማዬን ውሻ ወስዶት ሳሳድደው።
እዚህ ባሕሩ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሰላም ብለን እንተላለፋለን፤
ወዳጅ እንድንሆን፣ ሁለታችንም ከዚህ ሰፈር መውጣት አለብን።

ሌሊት ግን ሳስበው፣ እዚያም አልጋ የምታነጥፍ አለች፤
ስሟን አላውቅ፤ ወገቧን ግን አውቀዋለሁ፣ የቱ ጋ እንደቆሰለች።
ማልጄ አልጋዬን ላነጥፍ? ወይስ እንደ እንግዶቹ አንሶላውን መሬት ልተው?
«አምስት ዩሮ ትራስ ሥር ሸጉጪ» አለ ደምለው በእንቅልፉ፣ «ይኼም ችግር ነው?»

ሰንበት እንደወጣ ጠረጴዛውን ከበብን፣ ፓስፖርቶቹን ዘርግተን፤
ሊአት ትጠይቃለች፣ እኛ እንመልሳለን፣ እንደ ተማሪ ተግተን።
ስም፦ ታማር። (ጠጅቱ አውሮፕላን ማረፊያ ቀረች፣ ያኔ ስንመጣ።)
የልደት ቀን፦ እዚህ ላይ ነው ጣጣ።
ዓመቱ አለ፤ ቀኑና ወሩ ግን ዜሮ፤
እናቴ «ማሽላው ሲያሸት» ብትለው፣ ጸሐፊው ምን ያድርግ፣ በምን ቆጥሮ?
ስልኩ ዜሮን አይቀበልም፤ ቀይ ጽሑፍ አወጣ።
«ያልተወለደ ሰው» ሳቀ ደምለው፣ «ባሕር ዳር ምን ሊሠራ መጣ?»
የሱም ዜሮ ነው።
ሊአት አልሳቀችም። ጣቷን እንዳንጠለጠለች፣
«ምረጡ እንግዲህ፣ ደስ ያላችሁን ቀን» አለች።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀን ምረጪ ያለኝ አልነበረም፤
ማሽላው መቼ እንደሚያሽት ረስቻለሁ፣ እዚህ ከመስኮቴ ማሽላ አይታይም።
ደምለው የካቲትን ወሰደ፣ ለምን እንደሆነ አልተናገረ፤
እኔ አንድ የነሐሴ ቀን አልኩ፤ መሄጃችን ነበረ።
እሱን ስንባባል፣ ስልኩ ጊዜው አልፎበት፣
«እንደገና ይጀምሩ» አለ፤ ነገ ይሁን ብለን ተኛንበት።

ዛሬ ስድስት መቶ አሥራ አራትን ሳጸዳ፣ ጋሪዬን በር ላይ ገተርኩና
ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዞርኩት፤ ተቀመጥኩ፤ ልለማመድ ብዬ ነውና።
መጀመሪያ ጀርባዬ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ እጆቼ፤ መቀመጫ ጠፋቸው፤
ጉልበቴ ላይ ሰበሰብኳቸው፣ እንደ ሰው ልጆች አባበልኳቸው።
ሰባት ማዕበል ቆጠርኩ። ስምንተኛው ሲመጣ፣
ቀኝ እጄ፣ ሳላዘው፣ የአልጋውን ጥግ ሊያስተካክል ወጣ።
«ተው!» አልኩት በቁጣ፤
«አርፈህ ተቀመጥ።»