የአንዲት ፊደል እግር

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለን እንተርታለን፤
ከሄደ ወዲያ መጮህን እንደ ሞኝነት እናያለን።
እኔ ግን አንድ ዓርብ፣ በታምፔሬ ከተማ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በታኅሣሥ ጨለማ፣
ስድስት ሰዎች አየሁ ክብ ሠርተው የተቀመጡ፣
ጅቡ በየት እንደገባ ሊጠይቁ የመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
ማክሰኞ ማታ፣ በረዶው ሲወርድ፣
የከተማው ትራም ሁሉ ደርቆ ቀረ ከመንገድ።
ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።
ልጆች ስማቸውን ጻፉ ትንፋሽ ባለበሰው መስታወት፣
አንዲት አዋላጅ ወርዳ በእግሯ ሮጠች፣ ተራዋ ደርሶባት።

ትራሙን የሚያዘውን ፕሮግራም የሚጽፉ እነዚህ ናቸው፤
የማክሰኞውን ለውጥ የለቀቀችው ጣት፣ ሁሉም ቢያውቃት ማንም ያልጠራት፣
የቬኒ ናት። ከተቀጠረ ገና አራት ወሩ፤
ጆሮው ፍም መስሏል፣ ዓይኑ ተተክሏል ከጫማው ክሩ።

ሳኔልማ መጣች፣ ስብሰባውን የምትመራ፣
ቢጫ ወረቀት ይዛ፣ ከእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ጋራ።
መጀመሪያ ካለፉት ዓርቦች ግድግዳው ላይ የቀረውን አነበበች፤
«ፍተሻ እናጠናክራለን።» ሦስት ጊዜ። በሦስት ሰው እጅ።
አንደኛው ሙጫው ለቆ ማሞቂያው ሥር ወድቋል፤
አነሣችው፣ አራገፈች አቧራውን፣
«ይህ ውሳኔ አይደለም፣ ምኞት ነው» አለች፤ ኪሷ ከተተች ወረቀቱን።

«ጥያቄው አጭር ነው እኮ፣
ማን ነው የለቀቀው?» አለ ያርኮ።
ክፍሉ ውስጥ አየር አለቀ።
ቬኒ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ሹራቡ ጠለቀ።

«‘ምን’ በል እንጂ ያርኮ፣ ‘ማን’ አትበል፤
ምንድን ነው ስህተቱን እንዲህ ያደረገው ቀላል?»

በነሱ ቋንቋ ሁለቱ ቃላት አይተዋወቁም፤
በእኛ ፊደል ግን ማንና ምን ከአንዲት እግር አይርቁም፤
ማ አንድ እግሩን ዘርግቶ ሰው ይጠልፋል፣
ም እግሩን ሰብስቦ መንገደኛ ያሳልፋል።

አምስት ደቂቃ ጻፉ። ሰዓቱ ጮኸ። ከዚያ ዝም።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን ዕዳ ነበረ፣
በየሰኮንዱ ወለድ የጨመረ።
ሌላ መሪ ቢሆን ቀልድ ይጥልበት ነበር፣ ወይ ስም ይጠራ፤
እሷ እጇን አጣምራ
ተወችው። እስኪበስል ተወችው።

ኢልፖ መነጽሩን አወለቀ። ለጡረታ አንድ ክረምት የቀረው።
«ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፤
‘እርግጠኛ ነህ?’ ብሎ እንዲጠይቅ ልጨምርበት
አስቤ፣ ‘በኋላ’ ብዬ ጽፌ ሄድኩ ዓሣ ለማጥመድ።
ያ ‘በኋላ’ ማክሰኞ ደረሰ፣ በረዶው ሲወርድ።»

አውሊኪ ቀጠለች፤ «አስጠንቅቄ ነበር በጽሑፍ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት፤
ማንም አላነበበው። ከኔ ወንበር እሱ ጋ ሦስት እርምጃ ናት፤
አልተነሣሁም።»

ያኔ ቬኒ ከሹራቡ ወጣ፤
«አልገባኝም ነበር፤ ለመጠየቅ ድፍረት ግን ከየት ይምጣ?
ሁላችሁም የምታውቁት መሰለኝ።»
ያርኮ አፉን ከፈተ፤ ተወው። መስኮቱን ያይ ጀመር።

ሰሌዳው ላይ ዐሥራ ሰባት ሐሳብ ተለጥፎ ነበር፤
«አንድ ምረጡ» አለች፤ «አንድ ብቻ። የሚሠራ፣ የሚቆጠር።»
ተከራከሩ፣ ቀነሱ፣ አንዱ ተረፈ፤
ለውጥ ሲለቀቅ ሁለት ሰው ባንድ ስክሪን፣ ጎን ለጎን፤
የማያውቅ «አላውቅም» እንዲል፣ የሚያውቅም ብቻውን እንዳይሆን።

ሳኔልማ እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ፈገግ አለች፣
ያባረረችውን ቃል መልሳ አስገባች፤
«ማን?
ሰኞ ማን ይጀምራል?»
ኢልፖ እጁን አወጣ። ቀስ ብሎ፣ ቬኒም።
ቃሉ ያው ነው፤ እግሩም እንደተዘረጋ፤
አሁን ግን ሁለት ሰው ቆመበት፣ አንዱ ካንዱ ጋ።

ሲወጡ አንድ ወረቀት አገኘች፣ አራት ላይ የታጠፈ፣
ያልተለጠፈ፤
«እኔ ስናገር ሌላው ዝም ይላል።» የያርኮ ጽሕፈት።
ምኞቱ ካለበት ኪስ አልጨመረችውም፤
በሌላኛው ከተተችው፣ መብራቱን አጥፍታ ወጣች።
ከፎቁ ሥር ትራም አለፈ፤ በሰዓቱ፣ ግማሽ ጎኑ በረዶ።