ውሃ የማያስገባ

ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፤
አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ላሚኔሽን፣
አንድ ጄኔሬተር፣ ሳል የያዘው ደረቱን።
በዚያ ነሐሴ ካቡል ወረቀት ሆነና ደጄ ላይ ተሰለፈ፦
"ታማኝ ነበር" የሚል ደብዳቤ፣ በባዕድ ሻምበል የተጻፈ፣
የጋብቻ ውል፣ የክትባት ካርድ፣ ጠርዙን አይጥ የቀረጠፈ፣
የአስተርጓሚ መታወቂያ፣ በሚስት ጉያ ሦስት ኬላ ያለፈ።
"በሩ ስር ቦይ አለ" አሉኝ፤ "ፍሳሽ ነው፣ ጉልበት ይውጣል፤
እዚያ ነው ቆመን የምንውል፤ የረጠበ ወረቀት ማን ያያል?"
ላስቲክ ሸጥኩላቸው።
ሃምሳ አፍጋኒ የነበረውን ሰማንያ አስገባሁት፤
ነዳጅ ተወዷል፣ አልኩ ለራሴ፤ ራሴም አመነኝ፣ አመንኩት።

የመስኖ ቀያሹ ቶርያላይ ረቡዕ ዕለት መጣ፣
ክንዱ ላይ ዘርሚና፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ተተኪው ያልወጣ።
ወረቀታቸው ከማሽኑ ሲወጣ ቀማችኝና
ጉንጯ ላይ ለጠፈችው፤ "ይሞቃል! ዳቦ ነው!" አለችና
ሳቀች።
"ውሃ ያስገባል?" አለ አባት።
"መቶ ዓመት አያስገባም" አልኩ፤ በማሽኔ ማልኩለት።

ሐሙስ፣ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣
የሱቄ መስታወት አንዴ ተነፈሰ።
ጋጋሪው ሻህ ዋሊ እጁን ከሊጡ ሳያወጣ ቀረ።
ማንም ማንንም አልጠየቀም። ቀጥሎ ጋሪ መጣ፤
የሐብሐብ ጋሪ፣ ሐብሐብ ያልጫነ።

ኋላ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ያ ሰው እንደ ሰው ተጋፍቶ፣
"አሳልፈኝ ወንድሜ" ብሎ፣ የሕፃን እግር እንዳይረግጥ ተጠንቅቆ፣
ሄዶ ሄዶ መሃል ገባ።
ይህን ማን አየ? አጠገቡ የነበረ አልተረፈም፤ ወሬ ነው።
እርግጡ ይህ ነው፦ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል
ወረቀት ያላስፈለገው እሱ ብቻ ነበር።

በነጋታው ቦዩ ዳር ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም።
ጫማ አለ፤ የጫማውን ነገር ሌላ ይንገራችሁ፣ እኔ አልችልም።
እኔ ያየሁት ላስቲኮቼን ነው፤ በጀርባቸው ተንጋለው፣
ፀሐይ እያብለጨለጫቸው፣ እንደ ዓሣ ሆድ ነጥተው፣
አንድም ጠብታ ሳያስገቡ፤
ማኅተሙ ደማቅ፣ ስሙ ጥርት ያለ፣ ፎቶው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፤
ቃሌ ተጠብቆ ይንሳፈፋል።

በሦስተኛው ቀን ቶርያላይ ገባ፤ አንድ ጆሮው በጥጥ ተደፍኗል፤
በዚያ በኩል ስናገር ግድግዳ ነው፣ በሌላው ይሰማኛል።
ላስቲኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አጥቦታል።
"ሌላ ፎቶ የላትም" አለ፤ ጣቱ
ጥፍር የምታክል ፊት ላይ ቆመ።
"አሳድግልኝ።"

አሳድግልኝ።
ይህን ቃል ስንት ሰው ብሎኛል፣ ስንቴ "እሺ" ብያለሁ!
እጥፍ አደረግኳት። አራት እጥፍ።
ጉንጯ ሰፋ፣ የጥርሷ ክፍተት በር አከለ፤
ስምንት እጥፍ ላይ ዓይኗ ይበተን ጀመር፣
ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ፣
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ብቻ።
"ከዚህ በላይ አታድግም" አልኩት።
በደህናው ጆሮው በኩል ነበርኩ። ሰምቷል።

ሰማንያውን መለስኩለት፤ ጣቶቼን መልሶ አጠፋቸው፤
"ላስቲክህ ሥራውን ሠርቷል" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም ድምፁ፤
ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ኬላው ላይ ሌሎች ናቸው። ያንኑ ወረቀት
በሌሊት ያመጡልኛል፦ "ቅደድልን፣ አጥፋልን።"
ላስቲክ ደግሞ በጅ አይቀደድም፤ ቢያቃጥሉት ሰፈር ይሸተዋል።
በመቀስ ዙሪያውን እከፍታለሁ፣ ፊት እንዳልነካ ተጠንቅቄ፣
ከዚያ ፊቱንም አቃጥላለሁ።

ቀን ተማሪ ይመጣል፣ የምንጣፍ ነጋዴ ይመጣል።
ከማሽኑ ሲወጣ ዛሬም ይሞቃል።
እስኪበርድ በእጄ ይዤው እቆያለሁ፤
በትኩሱ ለማንም አልሰጥም።