ሁለተኛው ቅዳሜ

በኦሃዮ የካቲት፣ ወንዙ በረዶ ሲጋገር፣
ከሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣
በወር አንድ ማታ ይከፈታል በር።
ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ ሰባተኛው ይጮሃል፤
የለመደ ይዘለዋል፣ እንግዳ ይረግጠዋል።
እኔ ድምፅ አስተካካይ ነኝ፤ ሁለት ማይክ አለኝ፣
እንደ ጣውንት፣ አንዷ እሺ ስትል አንዷ የምታኮርፍብኝ።

በር ላይ ሎርና ካስፕሻክ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣
የብስኩት ቆርቆሮ አቅፋ፦ «ያለህን ጣል፤
የሌለህም ግባ፣ ወንበሩ እስኪጨረስ።»
ባለፈው ወር ያ ቆርቆሮ ለአንድ እስረኛ ዋስ ሆኖ ፈረመ፤
በጥቅምት፣ ከነዕቃዋ ለተጣለች ባልቴት ጣራ ሆኖ ቆመ።
ዛሬ ለውሃ ነው።

በሃርላን ጎዳና የአሥራ አራት ቤት ቧንቧ ደርቋል፤
ዕዳ ወለድ ወልዶ፣ ደመወዝ ከወሩ ቀድሞ አልቋል።
ራኔል ቶሊቨር ከነዚያ አንዷ ናት፤
በረዶ በድስት አቅልጣ፣ ሦስት ፊት አጥባ፣
ሰደደች ትምህርት ቤት።
«የዘጋብኝ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ዓይኔን አላየም፤
ጫማዬን ሲያይ ቆይቶ ሄደ፤
ጫማዬ ግን ዕዳ የለበትም።»

መጀመሪያ ማይቭ ኮርኮራን ከነባንጆዋ ወጣች፤
ጎርፍ ስለበላቸው ከሰል ቆፋሪዎች አርባ ቤት ዘፈነች።
አዝማቹን ሁላችን ተቀበልን፣ እኩሌታችን ቀድሞ፣ እኩሌታችን ዘግይቶ፣
ድምፅ አስተካካይ እያለ፣ ይህን የሚያስተካክል ጠፍቶ።
ሠላሳኛው ቤት ላይ ሰባተኛው ደረጃ ጮኸ።
ማን እንደገባ አላየሁም፤ መብራታችን አንድ ነው፣ እሱም መድረኩን ነው የሚያየው።

ቀጥሎ ኦዴል ፕሩዊት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤
ብረት ማቅለጫው ውስጥ የቀረች አንዲት ጣቱ።
ብሉዝ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይላል፦
አንዴ ላልሰማ ሰው፣ አንዴ ሰምቶ እንዳልሰማ ለሆነ፤
ከዚያ ሦስተኛው ይፈርዳል።

«ጠጥቼ አልጠገብኩም፣ ወንዙ በደጄ አልፎ፤
ጠጥቼ አልጠገብኩም፣ ወንዙ በደጄ አልፎ፤
ሂሳብ ይላክልኛል፣ ዝናቡ ላይ ተጽፎ።»

ገና ሳይጨርሰው ጊታሩ «ጧ!» አለ።
ክር ተበጠሰ።
ኦዴል ሳይደነግጥ ሌላ ክር ከኪሱ አወጣ፤ ጠመጠመ፤
ትርፉ እንደ ድመት ጢም ከጊታሩ አንገት ቆመ።
«መቁረጫ ያለው አለ?»
ጸጥ።
ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ፤ የውሃ ክፍሉ ጃኬት፣
ደረቱ ላይ በቢጫ ክር «ቨርን» የተጠለፈበት።
«ቆራጩ!» አለ አንዱ በሹክሹክታ።
ቆራጭና ቆራጥ፣ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል፤
ከኋላ ወንበር እስከ መድረክ ግን
ስንት እርምጃ ይሆናል?

ጉጠቱን ዘረጋ። ያው ጉጠት ነው፣ የቆጣሪ ማኅተም የሚበጥሰው።
ኦዴል ተቀበለ፤ ክሩን ቆረጠ፤ «ስለቱ ደህና ነው» አለው።
ምስጋና ይሁን ክስ፣ እስካሁን አልለየሁም።

ራኔል ከዕቃ ማጠቢያው በእርጥብ እጇ ወጣች፤
(እዚህ ቧንቧው ይፈሳል፤ ብርጭቆ እያጠበች ነበረች።)
ሰውየው አያት፤ ዓይኑ ወረደ፣ ጫማዋ ላይ አረፈ።
«ዓይኔ እዚህ ላይ ነው» አለችው።
ማንም አልሳቀም፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ አለፈ።
ቀና አለ። ምን ያህል እንደቆየ አልቆጠርኩም፤
ማይኮቼ ግን፣ ሁለቱም፣ ያን ጊዜ አላኮረፉም፤
የማሞቂያውን ጠብታ ሳይቀር ሰሙ።
ኦዴል ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሌሊት ቆጠርን፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር፣
አንድ የሸሚዝ ቁልፍ።
ዘጠኝ ቤት ያስከፍታል፤ አምስቱ ለመጋቢት ያድራል።
ጉጠቱ መድረኩ ላይ ቀርቷል።
ሎርና ከተረሱ ጓንቶች ጋር መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።
«ሰኞ ሌላ ይሰጡታል» አልኳት፤ «ጉጠት በከተማው ሞልቷል።»
«አውቃለሁ» አለች፣ ቆርቆሮውን በጨርቅ እየወለወለች፤
መሳቢያውን ግን ቆለፈች።