ዝምተኛዋ ቁልፍ

ኦሉ ላይ፣ በጥር ወር፣ ጀንበር ገና በዘጠኝ ሰዓት ስትጠልቅ፣
የአሳንሰሩን ኮድ ዘግቼ ከወንበሬ ስላቀቅ፣
ያኔ ነው ቀኔ የሚነጋው፤
ሌላው አልጋውን ሲያስብ፣ እኔ መብራት የማበዛው።

ቀን ቀንማ ሥራዬ፣
ለአሳንሰር ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚቆም መንገር ነው።
ሰው ይጫናል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤
እኔን ማን አስታውሶኝ ያውቃል?
ካልተበላሸ በቀር ስሜ አይነሳም፤
ደግ ነው፣ አልከፋም።

ማታ ግን ምድር ቤት እወርዳለሁ።
እዚያ አንድ መላጊያ አለ፣ ከጨረታ የገዛሁት፣
ምላጩን ሦስት ሌሊት ስዬ፣ አንድም ሳንቃ ያልላግሁበት።
መበየጃው ጫፉ ጠቁሮ፣ እንደ አጫሽ ጣት ከስሎ፤
ሸክላ ማጫወቻው መርፌው እንደ አንካሳ ዘሎ ዘሎ፤
ሩብ የተሠራ ቴሌስኮፕ፤
ስነፋው ውሻዬ "በር ክፈቱልኝ" የሚልበት አኮርዲዮን።

ሚስቴ ካይሱ ከደረጃው ራስ ሆና፣
"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ትለኛለች።
እውነቷን ነው። እኔ ግን ጫካውን ነው የወጣሁት፤
ከየትኛው ዛፍ እንደጀመርሁ እንጃ፣ ረሳሁት።

ባሕሩ በረዶ ሲሆን ደግሞ፣ ማይክሮፎን በጨርቅ ጠቅልዬ፣
በሽንቁር ቁልቁል እሰዳለሁ፣ በደረቴ ተኝቼ ጆሮዬን ጥዬ።
ታች ያለው ያቃስታል፣ ያፏጫል፣
እንደተወጠረ ሽቦ ድንገት ጢው ብሎ ያልፋል።
አርባ ሰዓት ቀድቻለሁ።
ለማን? ብትሉኝ፣ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ ከላይኛው ፎቅ ወይዘሮ ሲርካ
በሬን አንኳኩታ፣ "ኦርጋኔ አንዲት ቁልፉ ዲዳ ናት፤
አንተ ሁሉን ነካኪ፣ እስቲ እሷንም ንካ።"
በእግር የሚረገጥ ኦርጋን ነው፣ ከእናቷ የወረሰችው፣
ሰባ ዓመት ሙሉ አንዲት ቁልፉ ትንፍሽ ያላለችው።

እኔ መቼ አርፋለሁ! ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ወጣሁ፣
የቁልፎቹን ድምፅ በሙሉ አንድ በአንድ ለካሁ፣
ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ ፕሮግራም ጻፍሁ ሁለት ሌሊት፤
ፕሮግራሙም አሰላስሎ ነገረኝ፦ "አንዲት ቁልፍ ድምፅ የላት።"
ሲርካ ሳቀች። "እኔስ ምን አልሁህ?" አለች፣
ብስኩት በሰሃን አቀረበች።

ካቻቪቴዬን አወጣሁ። አሥራ አራት ብሎን ፈታሁ፣
አቧራውን እፍ ብዬ ወደ ነሐሱ ምላስ ደረስሁ።
ከምላሱ ሥር ወረቀት፣ አራት ታጥፋ ተሸጉጣ፣
ዝገትም አይጥም ሳይሆን፣ በሰው ጣት ተቀምጣ።
በእርሳስ እንዲህ ይላል፦
"ይህች ድምፅ ፔንቲን ታስለቅሰዋለች። አትንኳት።"

ሲርካ መነጽሯን ፈልጋ አነበበች። ደግማ አነበበች።
"የእናቴ እጅ ነው" አለች።
ፔንቲ ታናሿ ነበር፣ ሦስት ክረምት ብቻ የኖረ፤
ስሙም እንደዚያች ቁልፍ ሰባ ዓመት ታፍኖ የቀረ።

እኔ በሥራዬ ስንት ጊዜ፣ የማላውቀው ሰው የጻፈውን መስመር፣
"ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብዬ ሰርዣለሁ ያለ ማፈር!
ለካ አንዳንዱ ብልሽት፣ ብልሽት አይደለም፤
አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብሎ በጨለማ ያኖረው ሰላም።

"ላውጣት ወይስ ልተዋት?" አልኋት።
ብዙ ቆይታ፣ "አንዴ ብቻ ልስማት።"

ረገጠች። ተጫነች።
ወፍራም ድምፅ ወጣ፣ ጥቂት የሻከረ፣
ከበረዶው ሥር በሽንቁር ሳሳድደው የነበረ።
ውሻዬ ከታች ጮኸ።
ሲርካ እግሯን አነሳች። ድምፁ ቀስ ብሎ አለቀ።
ከዚያ ወረቀቷን በራሷ ጣት፣ በዚያው እጥፋት አጥፋ፣
መለሰቻት።

ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ አሥራ ሦስቱ ገቡ፣ አንዱ ኪሴ ቀረ።
ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል።

ካይሱ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። "ጨረስህ?"
"ጨረስሁ።"
"ታዲያ ትጮኻለች?"
"አትጮኽም።"
መዳፌ ላይ ያለችውን ብሎን አየቻት፤ ምንም አላለችም።
እኔም መብራት ላበራ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ።