ሰባት ቤት

ከአፉላ በታች ካለው፣ ከዮአሽ የሱፍ አበባ ማሳ፣
በፖስታ አሽጌ መጣሁ የአቀንጭራ ሬሳ፤
ሐመር አገዳ ብቻ፣ ቅጠል ያላወጣ፣
አረንጓዴን የማያውቅ፣ ከሰው ሥር የመጣ።
ዘሩ የሱረት ብናኝ፣ በዐይን የማይጨበጥ፣
ትንፋሼ ቢነካው እንኳ ከወረቀቱ የሚያመልጥ።

ዓመታት ይተኛል አሉ፣ አፈር ተከናንቦ፣
ዝናብ አይቀሰቅሰው፣ ወይ የመስኖ ቦንቦ፤
የሚያነቃው የሥር ላብ ነው፣ ሽታው ሲደርሰው፤
እንደ ጭቃ ሹም፣ አውድማ ሲሞላ ደጁን እሚያስታውሰው።

ላቦራቶሪው ይበርዳል፤ ጓንቴ ጣቴን ያንቃል፤
ሩሐማ መብራት ስታጠፋ ሰማያዊው ይፈልቃል፤
መስመር በመስመር ላይ፣ እንደ መሰላል የቆመ፣
የእያንዳንዱ አረም ትውልድ በብርሃን ታተመ።
«ቁጠር» አለችኝ። ቆጠርኩ። አንድ ማሳ፣ አንድ ትልም፣
አርባ ስድስት ፖስታ፤
ሁለት አንድ ዐይነት የለም።
ጎን ለጎን የበቀሉት፣ አንድ ሥር የጠቡት፣
እርስ በርስ ባዳ ናቸው፣ ዘራቸውን ብትቆጥሩት።
የዮአሽ ስምንተኛው ግን ወንድም አለው ማዶ፣
ከኢክሳል፣ ከናዪፍ ማሳ፣ ካንድ እናት ተወልዶ፤
አጥሩን ማን እንዳጠረው አንዱም አልጠየቀ፤
በትራክተር ጎማ ጭቃ ተሳፍሮ ዘለቀ።

አጎቴ አብተው ነበር ደምቢያ ላይ ዘር የሚቆጥር፣
ልጅ ለልጅ ሲተጫጭ፣ ሽማግሌ ሲማከር፤
ጣቱን አጥፎ ይጀምራል፤ አባት፣ አያት፣ ምንዥላት፤
ሰባት ካልሞላ ሰርግ የለም፣ ጠላው ቢደፋም በሌሊት።
እኔም ዛሬ፣ በላስቲክ ጣት፣ ያንን ቆጠራ ወረስኩ፤
ለማጋባት ሳይሆን ግን፣ ለመንቀል አያት ጠየቅኩ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሰገነት፦
«አዲስ ሱፍ አውጥተን ነበር፣ አረሙ የማይደፍርበት፤
ሦስት ዓመት ከረመና፣ ካንዱ ዘር አንዱ ቻለው።»
«ስሙስ?» አለኝ።
ነገርኩት፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።
«እኛማ» አለ «ሳንማር፣ ስሙን እናውቅ ነበር፤
ባለ ርስት ነው ይሄ፣ ሳያርስ የሚሰፍር።
ሲሶውን ይወስድ ነበር፣ እርቦ ስንለው የጠላ፤
ሥር የለውም አልክ? ያባቴን ሥር ነው የበላ።»

ሰገነቱ ላይ፣ በባልዲ፣ አንድ ሱፍ ተክሏል አባቴ፤
ጫማዬን ደረጃው ላይ ትቼ ነው የገባሁት ከቤቴ።
ክሩ ውስጥ፣ ሶሉ ላይ፣ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል?
ሰባት ቤቱን ይዞ፣ አንድ ሽታ ይጠብቃል።