በተደራቢነት

ሥራዬ ማንበብ ነው፤ መጽሐፍ አይደለም፣ የውሃ ቆጣሪ፤
ደሴ ዳገቷ ላይ፣ በየሰው አጥር ሥር፣ ክዳን ፈልፋሪ።
ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲደፍነው፣
በእግሬ የማውቀውን ዓይኔን አልለምነው፤
ሸረሪቱን ገፍቼ፣ አቧራውን በሻርፔ ጫፍ ጠርጌ፣
ጥቁሩን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ጎላ ጎላ አድርጌ።
ቀዩን እተወዋለሁ። ቀዩ ሽርፍራፊ ነው፤
ሜትር ኪዩብ ያልሞላ ጠብታ፣ ማን ብሎ ሊቆጥረው?

መጀመሪያ ስንዱ ወለደች።
(ይባርክላት፤ ልጇም እሷም ደኅና።)
አቶ መኳንንት ጠራኝ፣ ወንበር ሳበልኝና፦
«ለሁለት ሳምንት ነው፣ ገንዘብ ቤቱን ያዢልኝ፤
አብሽሪ ዘምዘምዬ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»
ያዝኩለት።
ከዚያ አደም ወደ ኮምቦልቻ ተዛወረ፣
የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ኪስ አደረ።
ከዚያ የአቤቱታው መዝገብ። ከዚያ የወሩ ሪፖርት።
ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቃሉ ግን ደብዳቤ ነው፣ ማኅተም የለው እንጂ፦
«ከመደበኛ ሥራሽ ጎን ለጎን፣ በተደራቢነት…»

በተደራቢነት!
የሚደረብስ ጋቢ ነው፣ በደሴ ብርድ፣ በሐምሌ ምሽት፤
ሰው በራሱ ላይ ይደረባል እንዴ፣
በአንድ ትከሻ፣ በአንድ ደመወዝ፣ በአንድ ሌሊት?

«ስምሽ ራሱ ምንጭ ነው» ይለኛል፣ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤
«ዘምዘም ደሞ መቼ ይነጥፋል?»
እኔም አብሬው እስቃለሁ። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።
እምቢ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ደርሳ፣
ትወጣለች ባፌ የእሺን ልብስ ለብሳ።
«ወሎዬ ሰው አያስከፋም» ይላል፤ እሱስ ወሎዬ አይደለ?
እኔን ማስከፋቱን ምነው ሳይቆጥር ዋለ?

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወረፋችን ደርሶ
ውሃ መጥቶ ነበር፤
የሰው ሒሳብ ስደምር አምሽቼ፣ እንቅልፍ እንደ ድንጋይ ጥሎኝ፣
ጀሪካኑ አፉን ከፍቶ አደረ።
የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ዘምዘም የሚሏት፣
ጠዋት ከጎረቤት አንድ ጣሳ ለመነች፣ የልጇን ፊት ልታጥብበት።

ጋሽ ይመርን አገኘሁት፣ ሆጤ ጥግ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ብቻውን፤
ሠላሳ ዓመት ቱቦ ቀጥሎ ጡረታ የወጣውን።
ነገርኩት። አልመከረኝም።
«ታች ሰፈር መስመር ስንዘረጋ» አለ፣
«ግፊቱ እዚያ ይበረታል፣ ውሃው ከላይ እየመጣ፤
ማስተንፈሻ ካልተውንለት፣ ቱቦ ‹በቃኝ› ብሎ አይቆጣ፤
ዝም ብሎ ሌሊት ይፈነዳል።
ጠዋት ተሰብስበው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?
‹ቱቦው አርጅቶ ነው›።»

በዚያው ማታ ደብተር ገዛሁ። ቀይ እስክሪብቶም።
ማክሰኞ፦ ገንዘብ ቤት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።
ረቡዕ፦ መጋዘን፣ የቱቦ ርክክብ፣ ምሳ ሳልበላ።
ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ደግሞ ማክሰኞ…
ሽርፍራፊው ሲደመር ሜትር ኪዩብ ሞላ።

«ዘምዘምዬ፣ አንዲት ትንሽ ነገር…» ሲል
ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ቁልፉን በላዩ።
«ይህችን ካነሳሁ የትኛዋን ልጣል?
በደብዳቤ ይሁን፤ አበሉም ይጻፍ፣ ማብቂያ ቀኑም።»
ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሌሊት ያጠናሁት እንዲህ አልነበረም።
ገጾቹን ገለጠ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«እስቲ ሰኞ እንነጋገር» አለ፣ ጥርሱን ሳያሳየኝ።
ቁልፉን አላነሳሁትም፤ እሱም አልነካው፤
መሃላችን ተጋድሞ ቀረ፣ ባለቤት የጠፋው።

ሰኞ ምን እንደሚል አላውቅም።
ቦርሳዬን አንግቼ ዳገቱን ወጣሁት።
የመጀመሪያው ደጅ፣ ክዳኑን ገለጥኩት፤
ውስጥ አንድ ሰው ልብስ ያጥባል መሰለኝ፣
ቀዩ ቁጥር በዝግታ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ቆሜ አነበብኩት።