መሪ

ማርሊስ ቶርገርሰን
ሠላሳ አንድ ዓመት ቢጫ አውቶቡስ ነድታ፣
የነብራስካን ሜዳ በበረዶ በአቧራ፣ ጠዋትና ማታ፣
ጉልበቷ ሲከዳት ቁልፉን መልሳ ሰጥታ፣
በሁለት መቶ ዐሥር ድምፅ ትምህርት ቦርድ ገብታ፣
አሁን ትሠለጥናለች
ከአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ከኋላ ተጎልታ።

ስሟ በወረቀት ደረቷ ላይ ተለጥፏል፤
አንድ ፊደል ጎድሎታል።
አላረመችውም።
ፊቷ ላይ ውሃ በጠርሙስ፣ ከረሜላ፣ እርሳስ፣
የአውራ ጣት ያህል የወፈረ ጥራዝ።

አሠልጣኟ ኢሞጀን፣ ቀጭን ሴት፣ ባለ መነጽር፣
እንዲህ ብላ ጀመረች ሳትቀመጥ፣ ሳትዞር፦
«ሰባት ሆናችሁ ስትሰየሙ ቦርድ ናችሁ፤
መዶሻው ተመትቶ ስትበተኑ ምንም ናችሁ።
በገበያ፣ በማደያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ
ማንንም አታዙም፤ አንድ ሰው ነዋ፣ እንደማንም ወዳጅ።
አውቶቡሱ የት እንደሚደርስ እናንተ ትወስናላችሁ፤
መሪውን ግን አትነኩም።
ሹፌር ቀጥራችኋል፤ እሱን ትጠይቃላችሁ።»

አዳራሹ ጻፈ።
ማርሊስ አልጻፈችም።
እጆቿን አየቻቸው፦ ግራና ቀኝ ተዘርግተው
የሌለ ክብ ጨብጠዋል፣ ጠረጴዛው ላይ አርፈው።
«መሪ ሁኚ ብለው፣
መርጠው፣
ከመሪው አነሱኝ» አለች በሆዷ።

ትዝ አላት፦
የኩቼራ ልጆች በክርን ሲደባደቡ፣
ሞተሩን አጥፍታ ጠበቀች፣ ዝም ብላ፣ እስኪረግቡ።
ቃለ ጉባኤ የለ፣ ደጋፊ ተቃዋሚ የለ፤
ፍሬኑ ብቻ ነበረ፣ እሱም ወዲያው እሺ አለ።

ከሰዓት በኋላ ድራማ አሠሯቸው።
አንድ የጥርስ ሐኪም የተቆጣ አባት ሆኖ መጣ፦
«ልጄን ተጠባባቂ ያደረገ አሠልጣኝ ዛሬውኑ ይውጣ!»
ማርሊስ «ግድ የለም፣ እኔ አናግረዋለሁ» ስትል
ኢሞጀን ደወል ነካች። ቅጭል።
«እኔ» የምትል ቃል ላይ ነው ደወሉ።
ሦስት ጊዜ ጮኸባት። ሳቁ።
እሷም ሳቀች፣ ጆሮዎቿ እየቀሉ።

ክረምቱ ጠና።
በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በሕፃናት ወንበር፣
ሰባቱ ተሰየሙ። አጀንዳው ነዳጅ ነበር።
ዘጠነኛው መስመር ይታጠፍ ይላል ወረቀቱ፤
ጫፉ ላይ ያለው አንድ ልጅ ነው፣ ከነርቀቱ።
ስሙን ወረቀቱ አያውቅም።
እሷ ታውቃለች፤ ጓንቱ ሁሌም አንድ ነው፣
ሌላውን እጅ ኪሱ ነው የሚያሞቀው።

ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ረገጠ፦
የሌለ ፍሬን።
ጥራዙ ትዝ አላት፤ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።
«ልጁ ከዋናው መንገድ ዳር» አለች፣ ድምጿ ሻክሮ፣
«ስንት ደቂቃ ይቆማል?»
ዋና ኃላፊው ወረቀት ገለጠ፣ ገለጠ።
ቁጥሩ የለም።
ድምፅ ተሰጠ።
አራት ለሦስት። መስመሩ ታጠፈ።

ቅዳሜ አባትዬው ከማደያው አገኛት፣
የነዳጁን ቧንቧ እንደያዘ፣ ዓይን ዓይኗን እያያት።
«ነበርሽበት?»
«ነበርኩበት።»
«እጅሽን ለየትኛው አወጣሽ?»
መናገር ትችላለች፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ምስጢር አይደለም።
ግን «እኔማ» ብላ ልትጀምር ስትል
ከሩቅ፣ ከሆቴሉ፣
ቅጭል።
«ቦርዱ ወሰነ» አለችው። «እኔም ቦርዱ ውስጥ አለሁ።»
ቧንቧውን ሰቀለና ሄደ።

ሰኞ ሳይነጋ
መኪናዋን አርቃ አቁማ መንገዱ ዳር ቆመች።
ልጁን ጭና መሄድ ትችል ነበር። መንገዱን ታውቃለች።
ግን ያ አንድ ልጅ፣ አንድ ጠዋት ነው፤
መስመሩ ያው እንደታጠፈ ነው።
በሩቁ የቤቱ መብራት በርቶ ጠፋ።
ልጁ መጣ፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ፣ በበረዶው ላይ የሚሰፋ።
ሰላም አላት። ሰላም አለችው።
አንዱን ጓንቷን አውልቃ ሰጠችው።

አብረው ቆሙ። እሷ ሰዓቷን አየች።
አውቶቡሱ ሲመጣ በባዶ እጇ ጻፈች፦
ለሚቀጥለው ወር አጀንዳ፣ ዘጠነኛው መስመር፣
ሠላሳ አራት ደቂቃ።
ጣቷ ደንዝዞ ነበርና
አራቱ ትንሽ ተንጋደደ።